ያለ ጨረታ የሚገዛ የጦር መሣሪያ፦ ዋጋውን ማን አይቶ ነው የሚፈርመው?

የመነሻ ጥያቄ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ የቢሮ ወንበር ለመግዛት እንኳ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። አንድ ፊርማ ከጎደለ ኦዲተር መጥቶ ያፋጥጠናል። ማፋጠጡም ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ታዲያ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት የጦር መሣሪያና መለዋወጫ ከአንድ አቅራቢ ያለ ውድድር ሲገዛ፣ ዋጋው ትክክል መሆኑን አይቶ የሚፈርመው ማን ነው?

ምን ተገዛ እያልኩ አይደለም። ስንት ታንክ እንዳለን፣ ራዳሩ የት እንደተተከለ ማወቅ አልፈልግም፤ በአደባባይ መነገርም የለበትም። የምጠይቀው፣ ምስጢሩን እንዲያውቅ የተፈቀደለት፣ ግን ከገዢም ከሻጭም ወገን ያልሆነ ሰው የዋጋውን ዝርዝር ከፍቶ ያያል ወይ ነው። ውድድር በሌለበት ውድድሩን የሚተካ ነገር መኖር አለበት። እሱም የአቅራቢው የወጪ ዝርዝር ነው፤ ዕቃውን ለመሥራት ስንት አወጣህ፣ ስንት አተረፍክ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ነገሩን ያነሳሳኝ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሪፖርት ነው። ትራንስዳይም የተባለ የአውሮፕላን መለዋወጫ አምራች ለጦሩ ከሸጣቸው ዕቃዎች 47ቱ ተመርምረው በ46ቱ ላይ ከመጠን ያለፈ ትርፍ ተገኘ። ቢሮው 15 በመቶ ትርፍ ተገቢ ነው ብሎ ነበር ምርመራውን የጀመረው፤ ከዕቃዎቹ በአንዱ ላይ የተያዘው ትርፍ ግን 4,451 በመቶ ደርሶ ነበር። ኩባንያው በአገሩ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ከተጠየቀ በኋላ 16.1 ሚሊዮን ዶላር መለሰ። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሕግ አለመጣሱ ነው። ግዥዎቹ በአብዛኛው የወጪ ዝርዝር ማቅረብ ግዴታ ከሚሆንበት የገንዘብ መጠን በታች ነበሩ። የግዥ ሠራተኞቹ ዝርዝሩን ሲጠይቁ ሻጩ በአብዛኛው አልሰጠም፤ ዕቃው ከሌላ ቦታ ስለማይገኝ ፈርመው ገዙ። በግዥ ሥራ ላይ ያለ ሰው ያ ፊርማ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

ያን ያህል መርማሪ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ የእኛስ? የምታውቁ አስረዱኝ።

መልሶቹ

መልሱ ስለበዛና ከመሃል የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተባለውን መልሰው እየጠየቁ ስለሆነ፣ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አሰባስቤዋለሁ። ያልተስማማሁበትን አለመስማማቴን ጽፌያለሁ።

1ኛ። መጀመሪያ የመለሰው ሰንጋ ተራ አካባቢ የግዥ ሕግ የሚያስተምር ሰው ነው፤ በትሕትና ጀመረ። ያለ ጨረታ መግዛት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አስገነዘበን። አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታን ዋናው መንገድ አድርጎ፣ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ በቴክኒክ ምክንያት ሌላ አቅራቢ ሲጠፋ፣ ወይም መለዋወጫው ቀድሞ ከተገዛው ዕቃ ጋር የግድ መግጠም ሲኖርበት ይፈቀዳል። ለአገር ደኅንነትና ለመከላከያ ሲባል ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩ ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች ጋር ተመካክሮ የተለየ ሥርዓት እንዲሠራበት ሊወስን ይችላል። መምህሩ ያሰመረበት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ሚኒስትሩ እንዲያ ሲወስን ቁጠባንና ውጤታማነትን የሚያስጠብቅ መመሪያ ማውጣት እንዳለበት አዋጁ ይናገራል። ስለዚህ ሕጉ ለመከላከያ የተለየ ሥርዓት ፈቀደ እንጂ ሥርዓት አልባ ይሁን አላለም። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 መተካቱንም አስታወሰን። ይህ መልስ ባይኖር ኖሮ ክሩ (ይህ ውይይት) ገና ከጅምሩ ወደ ስድድብ ይሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ።

2ኛ። ሁለተኛው ለአንቀጽ ትዕግሥት አልነበረውም። ሜቴክ (በጦር መኮንኖች ይመራ የነበረው የመንግሥት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) እያለን አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደህ ብሎ ጀመረ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት መግለጫ፣ ኮርፖሬሽኑ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን መናገራቸውን አስታወሰ። ያን ቀን ስታዲየም አካባቢ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ መስማቱን፣ አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ቁጥሩን እርስ በርስ ደጋግመው መጠያየቃቸውን ጻፈ።

3ኛ። ሦስተኛዋ አረመችው። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም የመከላከያ ፋብሪካዎችን ይዞ ቢነሳም፣ ሕዝብ ያወቀው ገንዘብ የፈሰሰው ግን በጦር መሣሪያ ላይ አልነበረም አለች። ከ25 ቢሊዮን ብር በላይ የሆነው የሕዳሴው ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ አለ፤ ሳይጠናቀቅ የቀረው የያዮ ማዳበሪያ ፋብሪካ አለ፤ ከባሕር ትራንስፖርት የተገዙት አሮጌ መርከቦች አሉ። ግድቡ ከሜቴክ እጅ የወጣው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። እነዚህ የሲቪል ሥራዎች ናቸውና ከጦር መሣሪያ ግዥ ጋር አንቀላቅል አለች።

4ኛ። ሁለተኛው ተመልሶ መጣ፤ ድምፁም ከፍ አለ። የሲቪሉን ሥራ ያለ ውድድር ያስወሰደው እኮ የወታደር መለዮ ነው አለ። የመከላከያ ነው ሲባል ጠያቂ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከጥይት አልፎ እስከ ማዳበሪያ ደረሰ። በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ሦስተኛዋ የለየችው ልዩነት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለጥይት የተሰጠው ከለላ ለማዳበሪያ ፋብሪካ ሲውል ያየነው ሁላችንም ነን።

5ኛ። ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን መልስ ሁሉም ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። የጻፉት ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የሚኖሩ፣ በጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ማለት የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቼ፣ ዋጋ ዋጋ ትላላችሁ፣ እኔ ስለ እስረኝነት ልንገራችሁ ብለው ተነሱ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ስምምነት የጦሩ መሣሪያ በአብዛኛው ከአንድ አገር ሆነ፤ ጠመንጃውም፣ ጀቱም፣ ሥልጠናውም፣ ማንዋሉም። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ጠብ ሲመጣ ዕቃው ቆመ። ሶማሊያ በወረረችን ጊዜ ኤፍ-5 አውሮፕላኖቹ የሰሩትን ታሪክ ይመሰክራል፤ መሬት ላይ የነበረው መካኒክ ግን ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው እየገጠመ ነበር የሚያስነሳቸው። አውሮፕላን የሸጠ ሰው ብሎኑንም፣ ጋስኬቱንም፣ ጎማውንም ለሠላሳ ዓመት ይሸጥልሃል አሉ። የመጀመሪያው ውል ላይ ረክሶ ሊያቀርብልህ ይችላል፤ ትርፉን የሚያገኘው በመለዋወጫ ነው። ስለዚህ ዋጋውን የሚያይ ሰው ከመፈለግ አስቀድሞ የዕቃውን ሥዕል ማን ያዘ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የቴክኒክ ሥዕሉና የመጠገን መብቱ በእጃችን ካለ ቢያንስ ቀላሉን ዕቃ ቢሾፍቱ ቆርጠን እንሠራዋለን፤ ከሌለ የተባልነውን ከፍለን እንኖራለን።

6ኛ። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ነጋዴ የጋሼን ነገር ከራሱ ሥራ አንጻር አብራራው፤ ግልጽነቱን አደነቅሁለት። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ሲመጣ ከሁኔታው ያስታውቃል አለ። ያ ዕቃ አጠገብ ባሉት ሱቆች እንደሌለ ነጋዴው ካወቀ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው፤ ዕቃው የገባበት ዋጋ ግን ያው ነው። ገዢው ሌላ ቦታ ጠይቄያለሁ ካለ ወዲያው ይወርዳል። መንግሥት ደግሞ ሌላ ቦታ የመጠየቅ ዕድል እንደሌለው ሻጩ እያወቀ ነው የሚደራደረው። ሦስት ገጽ የሚሆን ትንታኔ በአንድ አንቀጽ ጨረሰው።

ከ7ኛ እስከ 9ኛ። እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ነጋዴውን የመኪና ነዳጅ ፓምፕ ይኖርህ ይሆን ብሎ ጠየቀው። ሌላዋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን የመለዋወጫ ዋጋ እንዴት እንደተተኮሰ አማረረች። ሦስተኛው ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃ የሚያውቁ ደንበኞቹ ሁሉ ስለተበተኑበት ሰው ጻፈ። ሁሉም እውነት ነው፤ ለሌላ ክር ይሁን ብዬ ለመንኳቸው።

10ኛ። ከዚያ ሹል ቃል መጣ። ጸሐፊው በቀጥታ እኔን ነው የተናገረው። አገር በየአቅጣጫው ፈተና ላይ ባለችበት ጊዜ የመከላከያን ግዥ በአደባባይ መዘርዘር ለማን ይጠቅማል፣ ማንስ ላከህ አለኝ። በ1991 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላን ሲያስፈልግ፣ በጋዜጣ ጨረታ አውጥተን ሠላሳ ቀን እንጠብቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ስድብም ነበረበት፤ እሱን አልደግመውም። ጥያቄው ግን ከስድቡ ተለይቶ መልስ ይገባዋል። አስቸኳይ ሲሆን በቀጥታ ይገዛል፤ ይህን አንድም ሰው አልተቃወመም። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም የተከፈለው ዋጋ መመርመር ይችላል። ለመግዛት ይቸኮላል፤ ሒሳቡን ለማየት ምን ያስቸኩላል?

11ኛ። ለዚህ ሰው ከእኔ የተሻለ የመለሰችው ወንድሟ ወታደር የሆነ እህት ናት። ስለ ወንድሟ ብዙ አልጻፈችም። ጦሩን የሚወድ ሰው ለጦሩ የወጣው ገንዘብ ጦሩ ዘንድ መድረሱን መጠየቅ አለበት አለች። ለአንድ መለዋወጫ እጥፍ ከተከፈለ ያ ትርፍ ገንዘብ ከአንድ ቦታ ይጎድላል፤ ከቁስለኛው መድኃኒት፣ ከጫማው፣ ከሟች ቤተሰብ አበል። ጠላት የሚጠቀመውም እዚያ ላይ ነው። 10ኛው ሰው ወንድሜ ብላ ስለጠራችው ይሁን አላውቅም፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

12ኛ። አንዱ ጎረቤት አገር ወሰደን። ኬንያ ውስጥ አንግሎ ሊዚንግ ተብሎ የሚታወቀው የሙስና ጉዳይ የተደበቀው በደኅንነት ስም ነበር፤ 18 የሚሆኑ የጸጥታ ውሎች። አንዱ የፓስፖርት ማተሚያ ሥርዓት ሲሆን፣ አንድ የፈረንሳይ ድርጅት በ6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሊሠራው የነበረው 30 ሚሊዮን ሆኖ መጣ። ነገሩን ከውስጥ የመረመሩት የመንግሥቱ የፀረ ሙስና ኃላፊ ጆን ጊቶንጎ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሥራቸውን ለቀው ለንደን ገቡ። ፓስፖርት ማተም ምን የጦር ምስጢር አለው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከ4ኛው መልስ ጋር አብራችሁ አንብቡት።

13ኛ እና 14ኛ። ሌላው የታንዛኒያን ራዳር ጨመረ፤ የብሪታኒያው የጦር መሣሪያ ኩባንያ ቢኤኢ በ28 ሚሊዮን ፓውንድ የሸጠላቸውን፣ በኋላም 29.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለታንዛኒያ ሕዝብ እንዲከፍል የተስማማበትንና ገንዘቡ ለመማሪያ መጻሕፍትና ለትምህርት ቤት ዴስክ የዋለበትን። 14ኛው ወዲያው አቋረጠው። ያ ጉዳይ ለደላላ የተከፈለ ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ በትክክል ያለመመዝገብ ነው፣ የውድድር ማጣት ጉዳይ አይደለም አለ። አቀራረቡ ደረቅ ቢሆንም ልክ ነው። ጉቦ ሳይኖርም ከመጠን በላይ ይከፈላል፤ ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካው ሪፖርት ስለ ጉቦ አንድም ነገር አላለም። ሁሉን ነገር ሌብነት ካልነው ሌባ ያልተገኘበት ጊዜ ችግር የለም ብለን እንተኛለን።

15ኛ እና 16ኛ። አንድ ሰው አሜሪካኖች ለአንድ መዶሻ 435 ዶላር ከፈሉ የሚለውን የድሮ ወሬ አመጣ። 16ኛዋ የሒሳብ ባለሙያ ናት መሰለኝ፣ በትዕግሥት አስረዳችው። መዶሻው በእርግጥ ያን ያህል አላወጣም፤ የውሉ አጠቃላይ ወጪ በሁሉም ዕቃዎች ላይ እኩል ስለተከፋፈለ ለርካሹም ለውዱም ዕቃ ያው ድርሻ ተጻፈበት። ከዚያ ይልቅ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን እዩ አለች። ሲ-17 በተባለው የጭነት አውሮፕላን መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ላለው የሳሙና ማውጫ የአሜሪካ አየር ኃይል ለቦይንግ ከገበያው ዋጋ 80 እጥፍ ገደማ ከፍሏል፤ በዚያ ዕቃ ብቻ ከ149 ሺህ ዶላር በላይ ባከነ። የሳሙና ዕቃ ምስጢር አይደለም፣ የትም ይገኛል። ምርመራው የተጀመረው በጥቆማ መሆኑንም ጨመረች። ይህን ሳነብ በእኛ ዘንድ የመከላከያ ግዥ ላይ ጥቆማ መስጠት የሚፈልግ ተራ ሠራተኛ ወዴት ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። ጥያቄውን እዚያው ጻፍኩት፤ እስካሁን መልስ የሰጠበት የለም።

17ኛ። መምህሩ ተመልሶ መፍትሔ የሚመስል ነገር ይዞ መጣ። ብሪታኒያ ከመከላከያ ግዥዋ ግማሽ ያህሉን ያለ ውድድር ነው የምትገዛው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፌራንቲ የተባለው ድርጅት በብላድሃውንድ ሚሳኤል ላይ ከመጠን ያለፈ አትርፎ 4.25 ሚሊዮን ፓውንድ ለመመለስ ተገዷል። በኋላም በ2014 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ ከአንድ አቅራቢ የሚገዛውን ብቻ የሚከታተል ራሱን የቻለ ቢሮ ተቋቋመ። ቢሮው በየዓመቱ መነሻ የትርፍ መጠን ያቀርባል፤ ሻጩ የሚያስከፍለው ወጪ ደግሞ ተገቢ፣ ከውሉ ጋር የተያያዘና ምክንያታዊ መሆኑን ማሳየት አለበት። ሚሳኤሉ በምስጢር ተይዞ፣ ትርፉ በሕግ ተወስኖ።

18ኛ። እዚህ ላይ አንድ ሰው ጠንካራ ተቃውሞ አነሳ። ትርፍ በወጪ ላይ በመቶኛ ከተሰላ ሻጩ ወጪውን ማሳነስ ለምን ይፈልጋል? መቶ ብር ካወጣ አሥር፣ ሁለት መቶ ካወጣ ሃያ ያገኛል። ስለዚህ የወጪ ዝርዝር ማየት ብቻውን ዋጋ አያወርድም አለ። ይህን የመለሰለት መምህሩ ነው፤ ምክንያታዊ የሚለው ቃል የገባው ለዚህ ነው፣ ያላስፈለገ ወጪ ከስሌቱ ይወጣል ብሎ። እኔ ግን ተቃዋሚው ግማሽ እውነት እንዳለው አምናለሁ። ወጪ ምክንያታዊ መሆኑን የሚለይ መሐንዲስ ከሌለ ሒሳብ አዋቂ ብቻውን የቀረበለትን ደረሰኝ ደምሮ ይመለሳል።

19ኛ። በጣም ያስቸገረኝ ይህ ነው። ጸሐፊዋ ብሪታኒያና አሜሪካ የሚገዙት ከራሳቸው ኩባንያ ነው፣ ስለዚህ መዝገብ ክፈት ማለት ይችላሉ አለች። እኛ የምንገዛው ከውጭ ነው። ትልቅ የጦር መሣሪያ ሻጭ ለኢትዮጵያ ብሎ መዝገቡን ይከፍታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

20ኛ። የሶማሌ ተራው ነጋዴ መለሰላት፣ ጋሼም ደገፉት። መዝገብ ካልከፈተ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ሌሎች አገሮች ለዚያው ዕቃ የከፈሉት በየጊዜው ይወጣል፣ እሱን ይዞ መደራደር ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜው ነው። ሻጮቹ ገና ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በሚሽቀዳደሙበት ሰዓት፣ ዋናው ውል ሳይፈረም የመለዋወጫው ዋጋ ዝርዝር ለዓመታት ይታሰር፤ ሥልጠናውም፣ የጥገና ማንዋሉም፣ ሥዕሉም ያኔ ይጠየቅ። ከተፈረመ በኋላ የምትጠይቀው ልመና ነው አሉ ጋሼ። እንደ ግዥ ሠራተኛ ከክሩ ሁሉ በእጄ ሊገባ የሚችል ነገር ያገኘሁት ከዚህ መልስ ነው፤ እኛ ለአንድ ጄኔሬተር ውል ስንዋዋል እንኳ የፊልትሩን ዋጋ አስቀድመን አንጠይቅም።

21ኛ። አንዱ ሕገ መንግሥቱን ይዞ ገባ። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት እንዲያቀርብ ያደርጋል። መከላከያ ሚኒስቴርም ሚኒስቴር ነው አለ፤ አራት ኪሎ የሚቀመጠው ቋሚ ኮሚቴም የመጠየቅ ሥልጣን አለው።

22ኛ። 10ኛው ሰው ከዝምታው ወጣ። ሐሳቡን አልቀየረም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ምስጢሩን የሚያየው ኦዲተር ራሱ በማን ይጣራል? ሪፖርቱስ ስንት ሰው እጅ ይገባል? ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ነው ብዬ መለስኩለት። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከዋናው ኦዲተር ሥር የደኅንነት ማጣሪያ ያለፉና ቃለ መሐላ የፈጸሙ ጥቂት ኦዲተሮችና መሐንዲሶች ይኑሩ፤ ሙሉውን ሪፖርት በዝግ የሚያዩ የቋሚ ኮሚቴ አባላት በስም ይለዩ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ደግሞ ስንት ውል ያለ ውድድር እንደተፈረመና ስንቱ እንደተመረመረ ብቻ ይሁን። የመሣሪያ ስም አይወጣም፣ ቦታ አይወጣም። ቁጥሩ ግን ይወጣል።

23ኛ። እሱም ይህማ ይቻላል ብሎ ሁለት ነገር አከለ፤ ሪፖርቱን ያየ ሰው ሥራ ከለቀቀ በኋላም ለሻጭ ኩባንያ እንዳይቀጠር ለተወሰነ ዓመት ይታገድ፣ ዋጋ የሚደራደረውም ቡድን በየጊዜው ይቀያየር። ሁለቱንም ተቀብያለሁ። መምህሩ የአዋጅ ቁጥር 1333ን የመከላከያ ድንጋጌ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ እንደሚያመጣልን ቃል ገብቷል፤ 24ኛው ከእሱ ይቀጥል።